የብራዘር ኦስዋልድ ተማሪዎች

እንግሊዝ አገር፣ ብሪክስተን ውስጥ አቶ ኪዳኔን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ማዕረጋቸው ግን ሌላ ነው። የቅዱስ ፍራንሲስ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ትምህርት ቤቱን የካቶሊክ ሚሲዮኖች የከፈቱት ከሞያሌ ማዶ ነው፣ ያኔ ኬንያ በእንግሊዝ እጅ ሳለች።

"እናንተ እንግሊዝኛ የተማራችሁት ከቴሌቪዥን ነው" ይላሉ ኪዳኔ፤ "እኔ ከዳይሬክተራችን ከብራዘር ኦስዋልድ አለንጋ ነው።"

ሰውም ዝም ብሎ ይሰማል። ታላቅ ሰው ሲያወራ ማን ያቋርጣል?

ማኅበሩ የተወለደው ልቅሶ ቤት ነው። ኪዳኔ ይህንኑ ሲያወሩ አቶ ተክለአብ "እኔም እኮ የዚያው ልጅ ነኝ፤ የገባሁት ግን አንተ ከወጣህ በኋላ ነው" አሉ። አቶ አምሃ ደግሞ ከሁለቱም ቀድመው ጨርሰው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ማኅበሩ ሞላ። የሚገርመው፣ አንድ ክፍል አብረው የተማሩ ሁለት ሰዎች እስካሁን አልተገኙም። የትምህርት ቤቱን መዝሙር ተክለአብ ከትዝታቸው አምጥተው ጻፉት፤ ሌሎቹም ወዲያው አስታወሱት።

የኪዳኔ ልጅ እድላዊት ባተርሲ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ከሥራ የገባችው እየዘለለች ነው።

"ዳዲ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ብራዘር ኦስዋልድን አገኘሁልህ! እኛ ጋ ናቸው!"

ኪዳኔን ሻዩ ትን አላቸው።

"ሞተዋል እኮ!"

"አልሞቱም። ዘጠና አልፏቸዋል፣ ግን በጣም ሻርፕ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ፎቶ ግድግዳቸው ላይ አለ፤ ስሙን ሳይ እኮ ጮህኩ! አባቴ ተማሪዎ ነበር፣ ስለ እርስዎ አውርቶ አይጠግብም ስላቸው፣ 'ያወራል?' አሉና አለቀሱ።"

"ድሮም ሆደ ቡቡ ነበሩ" አሉ ኪዳኔ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

"ለማኅበሩ በዓል ኢንቫይት አድርጌያቸዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ኪዳኔ እንቅልፍ አጡ። አንዴ ወገቤን አሉ፣ አንዴ አዳራሹ ይበርዳቸዋል አሉ፣ አንዴ ባቡር ሊቆም ነው አሉ።

"ዳዲ፣ አሁንም የሚገርፉህ መሰለህ እንዴ?" ብላ ሳቀችባቸው እድላዊት።

ኪዳኔ አልሳቁም። እድላዊት በዚያ ትምህርት ቤት ወሬ ነው ያደገችው፤ ሌላው ቢቀር በእሷ ፊት መዋረድን አይችሉትም።

በዓሉ ደረሰ። ብራዘር ኦስዋልድ በእድላዊት ክንድ ተደግፈው ሲገቡ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ጉልበት የሳመም ነበር። ሽማግሌው ግን ሰው ባናገራቸው ቁጥር አፍ አፉን ያዩታል፤ ሲመልሱም እጃቸው አያርፍም። ጫጫታው ሲበዛ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱና መብራቱን አጠፉ፣ አበሩ፣ ደግመው አጠፉ፣ አበሩ።

"እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" አሉ አምሃ።

መዝሙሩ ተጀመረ። ተክለአብ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ዘመሩ። ብራዘር ኦስዋልድ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አንድ ቃል ግን አብረው አላሉም።

"የገዛ ትምህርት ቤቱን መዝሙር አያውቅም!" ብለው ተክለአብ አንሾካሾኩ። ከዚያ ቀረብ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ፦ "ብራዘር፣ ያ አገር የሚያናውጠው ደወላችን ትዝ ይልዎታል?"

"ደወል አልነበረንም" አሉ ሽማግሌው።

"ሲጮሁብንስ?" አሉ አምሃ። "ድምፅዎን ስንሰማ እኮ ከአልጋ ሥር ነበር የምንገባው!"

"እኔ? ተማሪ ላይ ጮኼ አላውቅም። ለምን ብዬ?"

አዳራሹ ተንጫጫ። ተክለአብ የሊቀመንበሩን ወንበር ከተመኙ ቆይተዋል፤ ቀኑ መጣላቸው።

"ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት!" ብለው በአማርኛ ጮኹ። "ይሄ ሰውዬ ዳይሬክተራችን አይደለም! አቶ ሊቀመንበር አስመሳይ አምጥቶብናል፤ ወንበሩን ይልቀቅ!"

የኪዳኔ ፊት ድንገት በራ። ግብዣው ከተነገራቸው ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

"እኔም ገና ሲገባ ጠርጥሬያለሁ!" አሉ። "የእኛ ብራዘር ረጅም ነው፣ አፍንጫውም ሌላ ነው። ልጅቷ ተታላ ነው!"

"ዳዲ! ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ!"

"ፎቶ ማንም ይሰቅላል።"

"ጋሼ ተክለአብ፣ እባክዎ፣ ሽማግሌ ናቸው!"

"አስመሳይ ሽማግሌ አይከበርም" አሉ ተክለአብ። "ታክሲ ይጠራለትና ይሂድ!"

"ይሂድ!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ፤ ከሁሉም በላይ የጮኹት ኪዳኔ ናቸው።

እድላዊት አፈረች፣ ተናደደች፤ እንባዋ መጣ። ሽማግሌውን ለምና ያመጣቻቸው እሷ ናት። አጠገባቸው ተንበርክካ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ በእንግሊዝኛ ለመነቻቸው፦ "ብራዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላመኑዎትም። ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ብቻ ይንገሯቸው፣ እውነተኛው እርስዎ መሆንዎን የሚያሳይ።"

ብራዘር ኦስዋልድ ከጭቅጭቁ አንድ ቃል አልገባቸውም፤ የሰዎቹን አፍ በየተራ እያዩ ያማትቡ ነበር። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ልጄ፣ እኔ የማስተምረው መስማትና መናገር የማይችሉ ልጆችን ነበር፤ እነዚህ ሁሉ መቼ ዳኑ?"