ሙጫው እስኪደርቅ

ልጅቷ ዓይኗን መግለጥ አትችልም።

ሽፋሽፍት ያስቀጠለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ላላስቀጠለ ላስረዳ። መጀመሪያ ፊት በደንብ ይታጠባል፤ ኩልም ሆነ ቅባት ካለ ሙጫው አይዝም። ከዚያ ተጋድሞ ዓይንን መጨፈን ነው። የታችኛው ሽፋሽፍት ከላይኛው ጋር እንዳይጣበቅ ከዓይን ሥር ልጥፍ ይደረጋል። ሠሪዋ በአንዱ ወረንጦ አንዲት የተፈጥሮ ሽፋሽፍት ለይታ ትይዛለች፣ በሌላው ወረንጦ አርቴፊሻሏን ሙጫ አስነክታ ትደርብባታለች። አንድ በአንድ። አንዱ ዓይን አለቀ ሲባል ሌላኛው ይጀመራል። መሀል ላይ ዓይኑን የገለጠ ሰው ደግሞ ጉዱ ነው፤ የሙጫው ትነት ሽንኩርት ከመክተፍ የባሰ ያስለቅሳል።

እና ልጅቷ ተጋድማለች። ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቧል፣ ፀጉሯ በፕላስቲክ ቆብ ተሸፍኗል፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ማስክ አለ፤ ሁለቱንም እዚያው መታጠቢያው ጋ አድርጋ፣ ዓይኗን በፎጣ እያበሰች ነው የወጣችው። ከራስጌዋ ሠሪዋ፣ ከጎኗ ደግሞ ጄኔራሏ።

ጄኔራሏ የሙሽራው ታላቅ እህት ናት። ስሙን ያወጡላት የገዛ ዘመዶቿ ናቸው፤ እሱም በሌለችበት ብቻ ነው የሚጠራው። ሰርጉ ነገ ነው። ሙሽራዋ ይህን ሰው አላገባም ብላ ሁለቴ ጠፍታ ሁለቴም ይዘው መልሰዋታል። ከዚያ ወዲህ ስልኳ በጄኔራሏ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚያድረው። ዛሬም ክንዷን ይዛ ሳሎኑ ድረስ ያመጣቻት ጄኔራሏ ናት። የለቀቀቻት ፊቷን ልትታጠብ ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን መጋረጃው ሥር ቆማ የውሃውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

«ማስኩ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለች ጄኔራሏ።

«ትንፋሽ ሙጫውን ያበላሸዋል።»

«ታፍና ብትሞትብንስ? ነገ ማንን ልንድር ነው?»

«እስካሁን የሞተብኝ ሰው የለም፣ እትዬ። ብቻ አያናግሯት። ፊቷ ከተንቀሳቀሰ ወረንጦው ዓይኗን ይወጋታል።»

«እኔ ላውራ፣ እሷ ዝም ትበል። እንዲያውም እንዲህ ስትሆን ነው የምንግባባው።»

የታሰበው ነገር ቀላል ነበር። ከመታጠቢያው ጎን የጓሮ በር አለ፤ ከጓሮው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሮጥ ሮጥ ማለት ነው። አውቶቡሱ ሰዓት የለውም፣ ሲሞላ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ጄኔራሏም ብትሆን አታስቆመውም። ልጅቷ በተጨፈነ ዓይኗ የአውቶቡሱን ወንበሮች እያየች ነው። የኋላው ሞልቶ ይሆን? ወይስ ሹፌሩ አሁንም ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ወሬውን እየጠረቀ ነው?

ጄኔራሏ ጭራሽ ወንበሯን ስባ ቀረበች። ሽቶዋ ማስኩን አልፎ ገባ።

«ያቺ ጓደኛሽ እንኳን ቀረች» አለች። «ሁለቴም ያስኮበለለችሽ እሷ ናት አሉ። አይቻት አላውቅም፤ ግን ሳላያት ነው ያወቅኋት። አፏ የማያርፍ፣ ዓይን አውጣ።»

ልጅቷ ስድቡን ዋጥ አደረገችው። ምን ምርጫ አላት።

ሠሪዋን ሳል ነገር ያዛት።

«ቀለበቷስ?» ጄኔራሏ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ጣቶቹን አየች። «ቀለበቷ የታለ?»

«ስትታጠብ አውልቃ እዚያው ማጠቢያው ላይ አስቀምጣዋለች።»

«ወርቅ ማጠቢያ ላይ? ቆይ ሄጄ ላምጣው።» ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ።

ልጅቷ በዳበሳ እጇን ዘርግታ የጄኔራሏን እጅ ያዘች። መርፌ ሊወጋ የተወሰደ ሕፃን የእናቱን እጅ እንደሚይዝ፣ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ጄኔራሏ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እጅሽ በረዶ ሆኗል'ኮ» አለች። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «አይዞሽ። እኔም ስዳር አልቅሻለሁ፤ እጄን የያዘኝ ግን አልነበረም። የመጀመሪያው ዓመት ነው የሚከብደው። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ትተይዋለሽ።»

ተጨፍኖም ይለቀሳል፤ ሙጫው ግን ውሃ አይወድም። ሠሪዋ የልጅቷን እንባ ጠብ ሳይል በጥጥ ቀለበችው።

«አታልቅሺብኝ፣ ልፋቴን ገደል ትከቺዋለሽ።»

ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተነፋ። ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሲደበድብ፣ «ሂድ፣ ሞልቷል!» ሲል ተሰማ። ሞተሩ እያጓራ በሳሎኑ ፊት አለፈ፣ ራቀ፣ ጠፋ። የልጅቷ ጣቶች ላሉ።

«ጎሽ» አለች ጄኔራሏ። «አሁን ተረጋጋሽ።»

የቀረው ማድረቁ ነው። ሠሪዋ በትንሽ ማራገቢያ እያናፈሰች እንክብካቤውን አስረዳች። እስከ ነገ ውሃ አይንካው። ቅባት የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ። ትራስ ላይ ተደፍቶ መተኛት የለም። ጠዋት ጠዋት በብሩሿ ወደ ላይ ማበጠር ነው፤ ላላ ያለች ካለች ራሷ ትውደቅ እንጂ አትጎተትም።

«ግዴለም፣ እኔ እጠብቃታለሁ። ዓይኔን ከሷ ላይ አንስቼ አላውቅም» አለች ጄኔራሏ። የራሷን ስልክ አውጥታ ካሜራውን ከፈተች፤ ወንድሟ የሙሽራዬን ዓይን ሳላይ አላድርም ብሏል።

ሠሪዋ ልጥፎቹን ቀስ አድርጋ ላጠች። ቆቡን አነሳች፣ ቀጥሎ ማስኩን።

«በይ፣ ግለጪ።»

ጄኔራሏ በሕይወቷ አይታት የማታውቃት ልጅ ቀና ብላ ተቀመጠችና አዲሱን ሽፋሽፍቷን አርገብግባ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ፤ እርስዎም ተራ እየጠበቁ ነው?» አለቻት።