ዶሮ ቤቱን በየማለዳው የሚቀደው ማን ነው?

«ዛሬም?! ኧረ ዛሬም ተቀደደ!»

ልጅየው በቱታና በነጠላ ጫማ ጓሮው መሃል ቆሞ ይጮሃል...

ዶሮ ቤቱን የሸፈነበት ወፍራም ላስቲክ ከጣሪያው ሥር መዳፍ በሚያህል ቀዳዳ ተቆርጧል።

ጥርት ተደርጎ። በመቀስ።

ይሄው አራተኛ ቀኑ። እሱ ማታ ይለጥፋል... ጠዋት ተቀድዶ ያገኘዋል።

ሥራው መነፅር መሸጥ ነው። የሰው ዓይን ሲለካ ይውላል። ዶሮ አርብቶ አያውቅም።

በስልኩ ሦስት ቪዲዮ አየ፣ አሥራ ሁለት ቄብ ገዛ፣ በቃ... ባለሙያ ሆነ!

«ዋናው ጠላታቸው ብርድ ነው» ብሎ ቤታቸውን እንደ ፖስታ አሸገው። ወለሉ ላይ ያነጠፈው ሰጋቱራ ሲረጥብ እንኳ «ይሞቃቸዋል» ብሎ ተወው።

በሳምንቱ ማስነጠስ ጀመሩ። ሁለቱ ሞቱ።

ቀዳዳው የመጣው ያኔ ነው።

«ብርድ እያስገባ የሚጨርስብኝ ሰው አለ!» አለ ልጅየው።

ማን ይሆን? መቀስ ያለው ሰው... ከአጥሩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ!

«ጋሼ፣ ጩኸታቸው ከረበሸህ በአፍህ ንገረኝ እንጂ!»

«ምኑን ነው የምነግርህ?»

«ላስቲኬን የምትቀደው አንተ ነህ!»

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

«ስማ አንተ መነፅር! ልጆቼን የማበላው በዚህ መቀስ ነው። በአንተ ላስቲክ አላዶለድመውም። ደግሞ ያን ሁሉ መነፅር ደርድረህ የገዛ ግቢህ ውስጥ የሚሆነውን አታይም?»

ልጅየው እየተበሳጨ ተመለሰ።

ግቢው ውስጥ ከእሱ ሌላ ያሉት አባቱ ብቻ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው። ሰሞኑን ያስላቸዋል። ሳሉ ሲብስባቸው ጊዜ ልጅየው የክፍላቸውን መስኮት በሚስማር መታው።

«ብርድ ይመታሃል አባዬ። ለአንተው ብዬ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተደበቀ...

የአባቱ በር ተከፈተ።

አባትየው በርጩማቸውን አስቀመጡ፣ ላዩ ላይ ወጡ፣ ጢማቸውን የሚከረክሙባትን ትንሽ መቀስ ከኪሳቸው አወጡና... ቀጭ! ቀጭ!

«አባዬ!! ምን እያደረግህ ነው?!»

«አየር።»

«የምን አየር?!»

«ታፍነዋል» አሉና ወረዱ። አሳላቸው። በርጩማቸውን ይዘው ገቡ።

ልጅየው እዚያው ቆሞ ለእኅቱ ደወለ።

«ነይና አባዬን ውሰጂልኝ። እኔ አልቻልኩም!»

«ምን ሆነ?»

«ነገር እየተምታታበት ነው። ዶሮዎቼን በብርድ ሊፈጃቸው ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤቱን ያቃጥልብኛል!»

በማግስቱ እኅትየው መኪናዋን ይዛ መጣች። አባትየው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ልብሳቸውን በቦርሳ ከትተው፣ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ልጅየው የጠራት የእንስሳት ሐኪምም ያኔ ደረሰች። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ገባች... ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወጣች።

«ና፣ አንተም ግባ። ቁጢጥ በል። በዶሮ ቁመት ተንፍስ።»

ቁጢጥ አለ። ዓይኑን አቃጠለው፣ ጉሮሮውን ያዘው፣ እየሳለ ወጣ።

«የእርጥብ ሰጋቱራና የኩስ ትነት ነው» አለች። «ብርዱን ላባቸው ይችለዋል። ይሄን ግን ሳንባቸው አይችለውም። ምነው፣ ቪዲዮው ይሄን አልነገረህም?»

ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ቀና ብላ ቀዳዳውን አየችው።

«ይህቺን የቀደደ ሰው ግን ይባረክ! ከቆጡ በላይ ነው፤ ነፋሱ አይመታቸውም፣ የታመቀው ይወጣል። እሷ ባትኖር አሥሩንም ትቀብር ነበር። የማን ሥራ ነው?»

ልጅየው መሬት መሬት አየ። እኅትየው ወደ በረንዳው ጠቆመች።

«አባባ፣ ዶሮ አርብተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። አውቶብስ ነው የነዳሁት።»

በእጃቸው ዶሮ ቤቱን እያሳዩ ቀጠሉ...

«ላስቲኩ በውስጥ በኩል አልቦት ነበር። ስልሳ ሰው ጭኜ 'መስኮት ዝጋ፣ ብርድ ገባ' ሲሉኝ መስታወቱ እንደዚያ ነው የሚያልበው። ከዚያ አንዱን ያዞረዋል፣ አንዱ ያስታውካል። ብርድ የገደለው ተሳፋሪ ግን አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አባዬ?!»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ስልክህን እያየህ 'እሺ አባዬ' አልከኝ።»

ይህን ብለው ሳል አጣደፋቸው።

ሐኪሟ ዞር ብላ ክፍላቸውን አየች።

«ያ መስኮት ለምንድነው በሚስማር የተመታው?»

ልጅየው ወደ መስኮቱ ዞረ...

አባትየው ቦርሳቸውን አንሥተው ቆሙ።

«ያንቺ ቤት መስኮቱ ይከፈታል?» አሏት ልጃቸውን።

«ይከፈታል አባዬ።»

ወደ መኪናው መራመድ ጀመሩ።

ልጅየው እንደ እብድ ሮጠ። ጉጠትና መዶሻ ይዞ ወጣ። የአባቱ መስኮት ሥር ደርሶ፣ በጉጠቱ የመጀመሪያውን ሚስማር ያዘ...

«ቆይ!» አሉ አባትየው ከግቢው በር ላይ።

ደነገጠ።

በአገጫቸው ዶሮ ቤቱን አሳዩት።

«መጀመሪያ የእነሱን። የኔ ይደርሳል።»

ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። በርጩማቸውን አምጥተው፣ ልጃቸው ላስቲኩን ሲገነጥል ለማየት ተቀመጡ።

እኅትየው ባዶ መኪናዋን ይዛ ተመለሰች።

ኧረ እባካችሁ ወገን!

ለሰው ማሰብ ደግ ነው... ግን «ለእሱ ብዬ ነው» ብለን ከመዝጋታችን በፊት፣ ውስጥ ያለውን አንዴ እንጠይቀው። ሲመልስልን ደግሞ ስልካችንን እናስቀምጥ!

እናንተስ... «ለአንተ ብዬ ነው»፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» ብላችሁ በማን ላይ መስኮት ዘግታችኋል? የዛሬዋን ሚስማር የምትነቅሉለት ሰው ማን ነው? እስኪ ከታች ጻፉልን...