የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

ሽፍታው በጠመንጃው ሰደፍ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታቸው የቄሰ ገበዙ የቀኝ እጅ ጣቶች እንደ ጭራሮ ተሰባበሩ። ሕመሙ እስከ ብብታቸው ዘለቀ። በደም የተነከረው የእጅ መስቀላቸው ደጀ ሰላሙ ላይ ወደቀ፤ በግራቸው አነሡት።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የት አለ፣ አባ?»

«ንዋየ ቅድሳቱን ለሌባ ከምሰጥ፣ እንካ፣ ግራዬንም ስበረው።»

ሰደፉን እንደገና ሲያነሣ ከድብ ባሕር መንደር በኩል ተኩስ ተንጣጣ። «የመንግሥት ነጭ ለባሽ ጦር ከበበን!» ብሎ ጮኸ ውጭ ሲጠብቅ የነበረው ጓደኛው። የሽፍታው ፊት አመድ ለበሰ። በአገሩ ደንብ መስቀል ሳይሳለሙ ወደ ተኩስ አይገባም። ባርኔጣውን አውልቆ እጃቸውን በሰበረባቸው ቄስ ፊት ጎንበስ አለ።

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ መሞቴ ነው።»

ቄሰ ገበዙ መስቀሉን ዘረጉለት። ከደሙ ብዛት ብረቱ አይታይም።

«እባክዎ፣ ይጥረጉልኝ» አለ ከንፈሩን ሰብስቦ።

«አይጠረግም፣ ልጄ» አሉት። «እንዳለ ተሳለመው።»