ራት ሲደርስ የሚነሳው ጩኸት

አቶ ደምመላሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምሽታቸውን የሚያሳልፉት ሐረር ካለ ወዳጃቸው ጋር በመገናኛ ሬዲዮ ሲጫወቱ ነው። ችግሩ፣ ልክ ራት ሲደርስ ሬዲዮው እንደተነካ ንብ መጮህ ይጀምራል። አንቴናውን ቀየሩ፤ የመሬቱን ሽቦ አጠበቁ፤ ከጎረቤታቸው ከብረት በያጁ ጋር ሳይቀር ተጣሉ።

በመጨረሻ ወዳጃቸው፣ "የቤትህን ዕቃ አንድ በአንድ እየነቀልክ አዳምጥ" ሲል መከራቸው።

በማግስቱ ጩኸቱ ሲነሳ ፍሪጁን ነቀሉ፤ አልቆመም። ቴሌቪዥኑን ነቀሉ፤ አሁንም ይጮኻል። ከሶፋው ጀርባ ግን አንድ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ አገኙ። ሲነቅሉት የወዳጃቸው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። ቻርጀሩን እንደ ግዳይ ይዘው ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ የሺእመቤት ሄዱ።

"ይኼ የማን ነው?"

"የእኔ" አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ወጥ እያወጡ።

"ስልክሽ አልተሰካበትም እኮ። ታዲያ ምን ይሠራልሻል?"

"አንተን ይጠራልኛል። እኔ ስጠራህ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ?"

አቶ ደምመላሽ ቻርጀሩን ጥቂት አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ሶፋው ጀርባ ተመልሰው ሰኩትና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።