ካርዱ ላይ አነጣጥር

የፊልም ካሜራ ባለሙያው ሪዮሄይ አራተኛውን መሳቢያ ምንጣፉ ላይ ገለበጠው። የተዋናዮች ፎቶ፣ የሽልማት ፎቶ፣ ከዳይሬክተሮች ጋር ተቃቅፎ የተነሳው ሁሉ ተበተነ። የሚስቱ የፉሳኤ ግን አንድም የለም።

ፉሳኤ ትናንት ጠዋት አርፋለች። ቀብር አስፈጻሚው እንደ አገሩ ወግ በሩ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃል። ዛሬ አመሻሽ ለቀስተኛው የሚሰናበታት ከሬሳ ሳጥኑ በላይ የሚቆመውን ፎቶ እያየ ነው፤ እስከ ቀትር ካልተገኘ ፍሬሙ ባዶውን ሊቆም ነው።

«ጉድ እኮ ነው ጋሼ!» አለች ታናሽ እህቷ ቶኪዬ። «የፊልም ተማሪ ሁሉ የርስዎን ብርሃን ነው የሚያጠናው አሉ። ያችን ፊቷ የማይፈታ ተዋናይ እንኳ ጨረቃ አስመስለዋት የለ! እህቴን አንድ ቀን 'እስቲ ወደዚህ ዙሪ' ቢሏት ምን ነበረበት?»

ሪዮሄይ የተበተኑትን ፎቶዎች እንደገና አገላበጠ። አርባ ዓመት ሙሉ ከስቱዲዮ ሲመለስ ካሜራ ማየት ያንገሸግሸው ነበር።

ድንገት ብድግ አለ። «አለ! አለ እንጂ!»

ድሮ፣ ዋናዋ ተዋናይ ከመምጣቷ በፊት፣ መብራቱን የሚሞክረው ፉሳኤን አቁሞ ነበር። ግራጫውን የብርሃን መለኪያ ካርድ አገጯ ሥር ይዛ፣ እግሯ እስኪዝል ትቆምለታለች። የሙከራውን ቁርጥራጭ ፊልም ከቁም ሣጥኑ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው፤ አጉሊ መነጽሩንም ዓይኑ ላይ ደቀነ።

ካርዱ ጭረቱ ሳይቀር ይታያል። ከኋላው ያለው ፊት ደብዝዟል። ሌላውን አነሳ፤ ያው ነው። የሠላሳ ዓመቷም፣ የአርባ ዓመቷም ፉሳኤ ጭጋግ ናት። ረዳቱን «ካርዱ ላይ አነጣጥር፣ ፊቷን ተወው» ይለው የነበረው ራሱ ነው።

ቶኪዬ ፊልሙን ተቀብላ አየችና የእህቷን ቦርሳ ፈተሸች። ፎቶዋ ያለበት አንድ መታወቂያ ካርድ አወጣች።

«የመዘምራን ክበብ?» አለ ሪዮሄይ። «ፉሳኤ ትዘፍናለች እንዴ?»

«ከጀመረች ሰባት ዓመቷ። ከፊት ነው የምትቆመው።»

ቀብር አስፈጻሚው መታወቂያውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለ። «እንዴት ያምራሉ! ማን ነው ያነሳቸው?»

«ማሽን ነው» አለች ቶኪዬ። «ባቡር ጣቢያ ያለው፣ መጋረጃ ያለው ሳጥን።»

ሪዮሄይ ካርዱን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ብርሃኑ ዝርግ ነው፤ እንዲህ ያበራ ረዳት ቢኖረው ያባርረው ነበር። ፉሳኤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ለዚያ ሳጥን ጥርሷ እስኪታይ ስቃለታለች።