የሰናፍጩ ልኬት

ናዚዎች ኋላ እንደ ዳዊት የደገሙትን መጽሐፍ የጻፉት ጀርመናዊ ፕሮፌሰር፣ ሙያቸው የሙታንን ራስ ቅል በሰናፍጭ ፍሬ ሞልቶ መስፈር ነበር። ብዙ የያዘው የጌታ ዘር፣ ጥቂት የያዘው የሎሌ ዘር ተብሎ ይመዘገባል። ታዲያ የአፍሪካዊ ቅል ሲሆን ፍሬውን እንደ ነገሩ ያፈሱበታል፤ የጀርመናዊ ሲሆን ግን በአውራ ጣታቸው እየጠቀጠቁ ይጨምሩበታል።

ረዳታቸው አንድ ቀን፣ የአፍሪካዊ ቅል ሲሰፍሩ ደፍሮ፣ «ጌታዬ፣ ይሄኛውስ አይጠቀጠቅም?» አላቸው።

«ባዶ መሆኑ እየታወቀ?» ብለው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ የሚበላው ከእጃቸው ነዋ!

ከመሞታቸው በፊት፣ የራሳቸው ቅል ተሰፍሮ ከጌቶቹ መደርደሪያ አናት ላይ እንዲቀመጥ ተናዘዙ። ረዳቱ ሳይጠቀጥቅ ሰፈረው፤ ልኩ ከሎሌዎቹም አነሰ። ሚስታቸው ውጤቱን ሊሰሙ በር ላይ ቆመዋል። እንደ ተማረው በአውራ ጣቱ ጠቅጥቆ ጨመረ፤ አልበቃም። ባለ በሌለ ኃይሉ ተጫነው፤ ቅሉ ቀጭ አለ።

«እህሳ፣ ልጄ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አንደኛ ወጡ፣ እመቤቴ!» አለ ቅሉን እንደ ታቀፈ። ሰናፍጩ በስንጥቁ እየሾለከ ጫማው ላይ ይረግፍ ነበር።