የዓርብ ቋሊማ

እልፍነሽ የመጀመሪያውን ቋሊማ ከፍሙ አንስታ ረጅሙን የፈረንጅ ዳቦ በቢላ ሰነጠቀች። ቀኑ ዓርብ፣ ሥጋው የአሳማ። አፏ በሁለት ቁልፍ ስለተዘጋ ጦስኙንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ እርዱንም የመጠነችው በአፍንጫዋ ነው። ሚጥሚጣውን ግን በንዴቷ መጠነችው።

ከንጋት ጀምራ አንጀቱን በሎሚ ያጠበችው፣ ሥጋውን ከትፋ የሞላችው እሷ ናት። በረንዳው ላይ ግን ጌታዋ ሙሴ ጋስቶን ለሦስት እንግዶቹ ቋሊማውን በገዛ እጁ እንደሠራው እየተረከ ነበር። የሬዩኒዮን ደሴት ልጅ ይህን ሙያ ከእናቱ ጓዳ ይወርሳል አለ። እልፍነሽ በዚያ ቤት ፈረንሳይኛ ተናግራ ስለማታውቅ፣ አትሰማም ብለው ነው የሚያወሩት።

ዳቦው ውስጥ ቋሊማውን አጋደመች፣ ቲማቲምና ሽንኩርቱን አለበሰችው፣ ይዛ ወጣች።

ሙሴ እጁን አነሳ። ድሬዳዋ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደዚህ የወደብ ከተማ አንድ ልማድ ይዞ መጥቷል፤ በሐበሻ አገር ጌታው እንዳይመረዝ ወጥ ቤቷ ቀድማ እንደምትቀምስ ለእንግዶቹ አስረዳ። ከዚያ ባማርኛ፦

«ቅመሺ። እንግዶቹ ይዩ።»

ዓርብ መሆኑን ነገረችው። ተረጎመላቸውና ሳቁ። ያልቀመሰች ወጥ ቤት የደበቀችው ነገር አለ ማለት ነው፣ እንዲህ ያለችውን ደግሞ ቤቴ አላሳድርም አለ። በለሰለሰ ድምፅ ነው ያለው።

እልፍነሽ ሰሃኑን ከፊቱ አስቀመጠችና ወደ እንግዶቹ ዞረች። ፈረንሳይኛዋ የገበያ ቢሆንም ይሰማል።

«ሙሴ ልማዱን ግማሹን ረስተውታል። ባገራችን የሚቀምሰው የሠራው ነው። ‹የሠራሁት እኔ ነኝ› ሲሉ አሁን ሰምቻለሁ።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራሙ የመርከብ ካፒቴን፣ ጉልበቱን መታ። እውነቷን ነው አለ፣ የሠራው ይቅመስ።

ሙሴ ገመጠ። አኘከ። መጀመሪያ ጆሮው፣ ቀጥሎ አንገቱ ቀላ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንግዶቹ ስለሚያዩት ዋጠው፣ ግሩም ነውም አለ። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ እንዳይሰሙበት ባማርኛ፦

«ዛሬ ማታ እዚህ አታድሪም።»

«እስካሁን ያሳደሩኝ ይበቃኛል» አለችው።

የቤቱ ልጅ ጠባቂ ሩቅያ ተከትላት ማድ ቤት ገባች። ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ያለው ቤቴ ለአንድ ሰው ምንጣፍ አያጣም፣ ለዚህ ሰው ብለሽ እንዳታለቅሺ አለቻት። እልፍነሽ አላለቀሰችም። የቀሩት ቋሊማዎች ባንድ ጎናቸው ሊያርሩ ነበር፤ እየተራገመች አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው።